ከዚያስ?

ጾመ ነቢያት ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አክስቴ ግቢ ውስጥ በርበሬ እንቀነጥሳለን። አንድ ጆንያ የማረቆ ዛላ በመካከላችን በተነጠፈው ሸራ ላይ ተዘርግፏል። ጭራውን እየነቀልን ወደ ሰፌድ እንጥላለን። አክስቴን ቤተሰቡ ሁሉ «እትዬ» ነው የሚላቸው። ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ብዙ ዓመት የሠሩት በአንድ ጤና ጣቢያ፣ የኤች.አይ.ቪ. ምክርና ምርመራ ክፍል ውስጥ ነው። ስልኬ አጠገቤ ካለው ብሎኬት ላይ ተቀምጧል። ጽፌ ያልላክሁት መልእክት አለው፤ ሰዎች ስማቸውን ሳይጠቅሱ ስለ ፍቅር ምክር ወደሚጠይቁበት የቴሌግራም ግሩፕ ልልከው ነበር። እጄ በርበሬ ስለሆነ ልነካው አልቻልሁም። ሦስት ሌሊት ስጽፈውና ስሰርዘው ስለከረምሁ ግን በቃሌ ይዤዋለሁ። ከዚህ በታች ያለው ያን ዕለት የተነጋገርነው ነው። ለመጻፍ የእትዬን ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ የፍቅረኛዬንም።

እኔ፦ እትዬ፣ አንድ ነገር ልበልዎት፤ ሳልልከው በፊት ይስሙኝ።

እትዬ፦ በይ። እየቀነጠስሽ ግን፤ ፀሐይዋ ሳትሄድ ማስጣት አለብን።

እኔ፦ «ሰላም ለሁላችሁ። ዕድሜዬ 29 ነው። አንድ ዓመት ከሁለት ወር አብሮኝ የቆየ ፍቅረኛ አለኝ። በጣም ይወደኛል። እስካሁን ግን ለቤተሰቡ አላስተዋወቀኝም። ከእኔ ጋር ሆኖ እናቱ ስትደውል ‹ሥራ ላይ ነኝ› ይላታል። ምን ትመክሩኛላችሁ? ልታገሥ ወይስ ልተወው?»

እትዬ፦ ስንት ሰው ያነበዋል?

እኔ፦ ብዙ ሺህ ሰው አለ ግሩፑ ውስጥ።

እትዬ፦ ከዚያ ሁሉ ሰው ልጁን የሚያውቀው አለ?

እኔ፦ የለም። እኔንም የሚያውቀኝ የለም። ለዚያ እኮ ነው የምጠይቃቸው። የሚያውቀኝ ሰው ገና ሳልጨርስ ይፈርድብኛል።

እትዬ፦ እሱ እውነት ነው፤ አልንቀውም። እኛም ክፍል ስም አንጽፍም ነበር፤ ለሰዉ ቁጥር ነበር የምንሰጠው። ሰው ስሙን በር ላይ ትቶ ሲገባ አፉ ይፈታል። ለእናት ያልተነገረ፣ ለንስሐ አባት ያልተነገረ ነገር እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ይነገር ነበር። ስለዚህ ባዕድ ሰው መጠየቅ ነውር ነው አልልሽም። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ እየተባልን ነው ያደግነው። እኔን ያልገባኝ፣ ስምሽን ከደበቅሽ በኋላ ነገሩንም መደበቅሽ ነው።

እኔ፦ ምን ደበቅሁ?

እትዬ፦ እንደርስበታለን። መጀመሪያ ያልሽውን እንየው። «በጣም ይወደኛል» አልሽ። በምን አወቅሽ?

እኔ፦ ይታወቃል እኮ፣ እትዬ።

እትዬ፦ በምን?

እኔ፦ ባለፈው ክረምት ታይፎይድ ይዞኝ አልነበር? ሳምንቱን ሙሉ፣ ከሥራ እንደወጣ፣ በዚያ ዝናብ ሁለት ታክሲ ይዞ እየመጣ አጥሚት ያጠጣኝ ነበር። አንድ ቀን ሳልጠጣ እንቅልፍ ወስዶኝ፣ ስነቃ ቴርሞሱን በጋቢ ጠቅልሎ፣ እንዳይቀዘቅዝ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ተቀምጧል።

እትዬ፦ ከዚያስ?

እኔ፦ ከዚያማ ጠጣሁ። ቴርሞሱ ሰማያዊ ነበር፤ እጀታው ተሰብሮ በፕላስተር የታሰረ። የእናቱ ነው።

እትዬ፦ አጥሚቱን ማን ሠራው?

እኔ፦ ...እናቱ መሰለኝ። «የታመመ ጓደኛ አለኝ» ብሏት።

እትዬ፦ እንግዲህ እናቱ ሳምንት ሙሉ አጥሚት አፍልታልሻለች። ይህን አልጻፍሽም።

እኔ፦ ጓደኛ ነው እኮ ያላት። ወንድ ትሁን ሴት ምን ታውቃለች?

እትዬ፦ እኔም አላውቅም። ግን አየሽ፣ «በጣም ይወደኛል» ብለሽ ስትጽፊ የሚያነብሽ ሰው ምንም አያይም። ማንም ስለማንም እንዲህ ይላል። ቴርሞሱን ብትጽፊ ግን ሰውየውን ያየዋል፤ እናትየዋንም ያያል፤ «ጓደኛ» የምትለውንም ቃል ያያል። በእኛ ቋንቋ ጓደኛ ማለት አብሮ አደግም ነው፣ የሥራ ባልደረባም ነው፣ ልታገቢው ያሰብሽውም ሰው ነው። ችግርሽ እዚያች ቃል ውስጥ ተቀምጧል። አንቺ ግን ያየሽውን ትተሽ የፈረድሽውን ነው የጻፍሽው። እኔም ክፍል ሰው ሲገባ ፍርዱን ይዞ ነበር የሚገባው። «ባሌ ያታልለኛል።» እሺ፤ ምን አየሽ? ስንል፣ አንዷ መልእክት አየሁ ትላለች፣ አንዷ ደግሞ ምንም አላየሁም፣ ሕልም ነው ያየሁት ትላለች። ሁለቱም ሲገቡ ያሉት አንድ ዓይነት ነበር። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ማለት ይኸው ነው።

እኔ፦ እሺ፣ ይህን አርመዋለሁ። የቀረውስ?

እትዬ፦ የቀረው «ወይስ» ናት። «ልታገሥ ወይስ ልተወው» ብለሽ ሁለት በር ብቻ ከፈትሽላቸው። ሰው ከቀረበለት ነው የሚመርጠው። የተከዳችው «ተይው» ትልሻለች፤ ታግሣ ያገባችው «ታገሺ» ትልሻለች። ሁሉም የሚመልስልሽ ከራሱ ቁስል ነው። በክፋት አይደለም፤ ልጁን አያውቁትማ፤ የሚያውቁት የራሳቸውን ነው። ደግሞ ሁለቱን በሮች ተመልከቻቸው። ብትታገሺም ዝም ነው፣ ብትተዪውም ዝም ነው። በሁለቱም በኩል እሱን የሚያናግረው ሰው የለም።

እኔ፦ እናወራለን እኮ! እኛን የመሰለ የሚያወራ የለም። ሠላሳ ስድስቱን ጥያቄዎች እንኳ ተጠያይቀናል።

እትዬ፦ ደግሞ የምን ሠላሳ ስድስት?

እኔ፦ አርተር አሮን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 ያሳተመው ጥናት አለ። የማይተዋወቁ ሰዎችን ሁለት ሁለት አድርገው አስቀመጧቸው፤ ለ45 ደቂቃ ያህል በየተራ እንዲጠያየቁ ጥያቄ ሰጧቸው። ጥያቄዎቹ በሦስት ምድብ የተከፈሉ ናቸው፤ መጀመሪያ ቀላል ቀላሉ፣ ከዚያ እየጠለቀ ይሄዳል። እንዲሁ ተራ ወሬ ካወሩት ይልቅ እነዚህን የተጠያየቁት ይበልጥ ተቀራርበው ተገኙ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2015 ማንዲ ሌን ካትሮን የምትባል ጸሐፊ ከአንድ ሰው ጋር እንዴት እንደሞከረችው ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ጻፈች። መጨረሻ ላይ አራት ደቂቃ ዓይን ለዓይን ተያይተው፣ በኋላም ተዋደዱ። ዓለም ሁሉ ያወቀው ከዚያ ወዲህ ነው። እኛም ባለፈው ጥር አንድ ካፌ ተቀምጠን እስኪዘጋ ድረስ ተጠያየቅን።

እትዬ፦ ጥሩ ነው። በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር ብዙ ቤት በተረፈ። ግን ሰዎቹ የፈለጉት ምን ነበር? ማን ማንን ያግባ ብለው ነው?

እኔ፦ አይ፤ መቀራረብ እንዴት እንደሚፈጠር ለማወቅ ነው። ለጋብቻ አልነበረም።

እትዬ፦ ስለዚህ የሚያቀራርብ ጥያቄ ነው። የሚያቀራርብ ጥያቄ ሌላ ነው፣ አብረን እንችላለን ወይ የሚለው ሌላ ነው። የተዋደዱ ሰዎች መለያየት የሚያቅታቸው ሁለተኛውን ሳይጠያየቁ በመጀመሪያው ስለተሳሰሩ ነው። እስቲ ከሠላሳ ስድስቱ ውስጥ ስለ ቤተሰብ የሚል አለ?

እኔ፦ አለ። ከእናትህ ጋር ያለህን ግንኙነት እንዴት ታየዋለህ የሚል አለ።

እትዬ፦ ምን አለሽ?

እኔ፦ ፊቱ በራ። «እናቴ ጸሎተኛ ናት። እኔን ያቆመኝ የእሷ ጸሎት ነው» አለኝ። ሌሊት ሌሊት ተነሥታ ስሙን እየጠራች ስትጸልይ ከግድግዳ ወዲያ እየሰማ እንዳደገ ነገረኝ። ዓይኔ እንባ ሞላ።

እትዬ፦ ከዚያስ?

እኔ፦ ከዚያ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ሄድን።

እትዬ፦ እዚያ ላይ ነው የሳትሽው የኔ ልጅ። ሰው በሩን ከፍቶልሽ፣ አንቺ ደጁን አይተሽ አልፈሽ ሄድሽ። እኔ በዚያች ክፍል ውስጥ የተማርሁት ትልቁ ነገር ይኸው ነው፤ ጥያቄ ማብዛት ቁም ነገር አይደለም። አንድ ጠይቀሽ መልሱ ውስጥ መቆየት ነው። ከእኔ አፍ የማይጠፋው ጥያቄ «ከዚያስ?» ነበር።

እኔ፦ የሚገርመው ይህንንም ያጠኑት ሰዎች አሉ። ሃርቫርድ ውስጥ ካረን ሁዋንግና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተሙት ነው። ብዙ የሚጠይቅ ሰው ይበልጥ እንደሚወደድ አገኙ፤ በተለይ ደግሞ ከተሰጠው መልስ ተነሥቶ ቀጣዩን የሚጠይቅ። ለትውውቅ የተገናኙ ሰዎችን ንግግር ሲመረምሩም እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚያበዙት ሁለተኛ ቀጠሮ በብዛት አግኝተዋል።

እትዬ፦ ይኸው። መወደዱን እንኳ ተይው፤ ተደመጥሁ ብሎ ሰው ይረጋጋል። አሁን ንገሪኝ፤ ያን ዕለት «ከዚያስ?» ብትዪው ኖሮ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ምን ነበር?

እኔ፦ ...

እትዬ፦ በርበሬውን ተይው ለጊዜው።

እኔ፦ «ስለ እኔ ብትሰማ ምን ትላለች?» ነበር።

እትዬ፦ እናስ?

እኔ፦ መልሱን ስለማውቀው አልጠየቅሁትም። እትዬ፣ ልጁ ፕሮቴስታንት ነው። ቤተሰቡ በሙሉ። አባቱ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው። እኔም ለእማዬ አልነገርኋትም። እሱ ለእናቱ «ሥራ ላይ ነኝ» ሲል፣ እኔም ለእማዬ «እትዬ ጋ ነኝ» እያልሁ ነው አንድ ዓመት ያለፈኝ።

እትዬ፦ እኔ ጋ?

እኔ፦ ይቅርታ፣ እትዬ።

እትዬ፦ ... እሱን ለብቻው እንነጋገርበታለን። አሁን መልእክትሽን መልሰሽ በይው። በእሱ በኩል ያለው መደበቅ ተጽፏል፤ የአንቺ አልተጻፈም። ሃይማኖቱም አልተጻፈም። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም። ሰው ስለ ፍቅር ሲጠይቅ ሁልጊዜ አንድ ነገር ያስቀራል፤ ያስቀረው ነገር ነው ጥያቄው። ያን የሚያነቡ ብዙ ሺህ ሰዎች ምንም ቢመክሩሽ የሚመክሩት ሌላ ሴት ነው፤ እሷ ደግሞ የለችም።

እኔ፦ ውሸት አልጻፍሁም እኮ።

እትዬ፦ አልዋሸሽም፤ ከራስሽ ነው የሸሸሽው። አልፈርድብሽም። ይሉኝታ አፍ ይይዛል። እናትሽን አውቃታለሁ፣ እህቴ ናት፤ ቀላል እንደማይሆን አልደብቅሽም።

እኔ፦ እርስዎስ ሲያገቡ ማን ምን ጠየቀዎት?

እትዬ፦ እኔንማ ማን ይጠይቀኛል። በ1967 ነው፤ የ17 ዓመት ልጅ ነኝ። ሽማግሌዎቹ መጡ፣ አባቴ ጋቢውን አጣፍቶ ተቀመጠ፣ እኔ ከጓዳ እሰማለሁ። ሰባት ቤት ተቆጠረ። አባቴ በጣቱ እየቆጠረ፣ የቅድመ አያት ስም ሲጠፋው አያቴ ከመደብ ላይ ሆና ትሞላለት ነበር። ዘር ተጠየቀ፣ ሀብት ተጠየቀ፣ ስለ ጥሎሹ ተነጋገሩ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ያኔ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ ማግባት ትችላለች ይል ነበር፤ 18 የሆነው በ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ነው። የተጋቢዎች ፈቃድ ግን ያኔም ግዴታ ነበር። ወረቀቱ ይጠይቀኛል፤ ከሰው ወገን ጓዳ ድረስ ገብቶ «አንቺስ?» ያለኝ የለም።

እኔ፦ ያሳዝናል።

እትዬ፦ ያሳዝናል። ሌላውን ልንገርሽ፤ ከተጋባን አሥራ አንደኛው ዓመት ላይ፣ እሱ ሳንባውን ታሞ ተኝቶ፣ አንድ ሌሊት «እኔ እኮ ያኔ ማግባት አልፈለግሁም ነበር፤ ገጠር ሄጄ ላስተምር ነበር ሐሳቤ» አለኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እኔ ብቻዬን ያልተጠየቅሁ ይመስለኝ ነበር። እሱም አልተጠየቀም። እኔም ጠይቄው አላውቅም። ከዚያ ሌሊት በኋላ ነው ባልና ሚስት የሆንነው ብል ማጋነን አይሆንም። ... በይ ቀንጥሺ፣ ቀንጥሺ።

እኔ፦ አሁን ግን ለራሳችን የሚጠይቅልን ሰው የለም። ሽማግሌ የሚላከው እኛ ሁሉን ከጨረስን በኋላ ነው፤ ለወጉ ያህል።

እትዬ፦ አዎ። የድሮዎቹ የማይሆነውን ጠየቁ፤ ግን ጠየቁ። የዘንድሮዎቹ ነፃነቱ አላችሁ፤ ሥራውን የሚሠራው ግን ጠፋ። እንግዲህ ሽማግሌዋ አንቺው ነሽ። ሽማግሌ ደግሞ ዓይን አፋር አይሆንም።

እኔ፦ እሺ እንዴት ልጠይቀው? አንድ ጊዜ ጀምሬው ተጣላን። «ለምን ለእናትህ አትነግራትም?» አልሁት። «አንቺስ ለምን አልነገርሽም?» አለኝ። በቃ፤ ሁለት ቀን ተኮራረፍን።

እትዬ፦ «ለምን»ን መጀመሪያ አታውጪያት። ለምክር ሥራ ሲያሠለጥኑን መጀመሪያ ያስጣሉን እሷን ነው። «ለምን» ሲባል ሰው ከሳሽ የመጣበት ነው የሚመስለው፤ መከላከል ይጀምራል፤ ሲከላከል ደግሞ እውነቱን አይነግርሽም። «ለምን ዘገየህ» ብትዪው ምክንያት ይሰጥሻል። «ውሎህ እንዴት ነበር» ብትዪው የዘገየበትን ይነግርሻል። «እንዴት» እና «ምን» ይበቁሻል። ደግሞም «ትወደኛለህ አይደል?» ዓይነቱን ተይው። መልሱን አብሮ የያዘ ጥያቄ ነው፤ «አይደለም» ለማለት ጀግና መሆን አለበት።

እኔ፦ እርስዎ ጋ የሚመጡት ጥንዶች እንዴት ይጠያየቁ ነበር?

እትዬ፦ ብዙዎቹ ለሠርግ ነበር የሚመጡት። ለጥር ሠርግ በታኅሣሥ፣ ከፋሲካ በኋላ ላለው ደግሞ በዐቢይ ጾም መጨረሻ ወረፋው ይበዛል፤ ቤተ ክርስቲያኑ የምርመራ ወረቀት አምጡ ስለሚል። ደም ከሰጡ በኋላ ውጤቱ እስኪደርስ ሃያ ደቂቃ ያህል አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ። ያን ሃያ ደቂቃ አይቼ ማን ከማን ጋር እንደሚኖር የማውቅ ይመስለኝ ነበር። አንዳንዶቹ አይነጋገሩም፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ፖስተር ያነባሉ። አንዳንዶቹ እጅ ለእጅ ተያይዘዋል፤ ግን አይተያዩም። በ1996 ታኅሣሥ ላይ የመጡ ሁለት ልጆች ነበሩ። ውጤቱን አብረን እንስማ አሉ። አስፈረምኋቸው፣ ነገርኋቸው። እሷ ነፃ ናት፤ እሱ አለበት። መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ነው፤ ያን ጊዜ ለድሃ ሰው ያ ወረቀት ምን ማለት እንደነበር አንቺ አታውቂውም። ልጁ አንገቱን ደፋ። እኔ የምጠብቀው «ከማን ያዝኸው? ለምን ደበቅኸኝ?» እንድትለው ነበር፤ ብዙዎቹ የሚሉት እሱን ነው፤ ሐቃቸውም ነው። እሷ ግን ብዙ ዝም አለችና ጫማውን እያየች፣ «አሁን ምን ያስፈልግሃል?» አለችው።

እኔ፦ ከዚያስ?

እትዬ፦ ጎሽ። ... አለቀሰ። ከዚያ እሷ ሳትጠይቀው ሁሉንም ነገራት፤ እኔ መሐል አልገባሁም። ሠርጉ አልሆነም። ግን መድኃኒቱ ሲጀመር የመጀመሪያውን ሊወስድ ሲመጣ አብራው መጥታ ነበር፤ እንደ እህት። እኔ ያንን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ሊያውቅ የሚፈልግ ሰው ጥያቄና ሊቀጣ የሚፈልግ ሰው ጥያቄ በድምፁ ይለያል።

እኔ፦ ግን ሁሉም ሰው በጥያቄ አይመለስም፣ እትዬ። ግሩፑ ላይ የሚጽፉት ሴቶች አሉ፤ «መታኝ፤ ግን ይወደኛል፤ እንዴት ልጠይቀው?» የሚሉ።

እትዬ፦ እዚያ ላይ አንድም ቃል ከእኔ አትውሰጂላቸው። እጅ የተነሣበት ቤት ውስጥ ጥሩ ጥያቄ የሚባል ነገር የለም። እሷ መጠየቅ ያለባት እሱን አይደለም። «ዛሬ ማታ የት ልደር? ማን ያስጠጋኛል? ልጆቼን እንዴት ላውጣ?» ብላ ነው፤ ያንንም ለምታምነው ሰው፣ ለፖሊስ፣ ለሐኪም። ጥያቄዋ ላይ ቃል የሚያርም ሰው ካለ አፉን ይዝጋ። አንቺም እንዲህ ያለ መልእክት ብታዪ መጀመሪያ «አሁን ደኅና ነሽ?» በያት።

እኔ፦ እሺ።

እትዬ፦ ወደ አንቺ እንመለስ። ይህን ልጅ ትፈልጊዋለሽ?

እኔ፦ እፈልገዋለሁ።

እትዬ፦ ለምን አልልሽም። ምን ሆናችሁ ማየት ነው የምትፈልጊው?

እኔ፦ ቤት። ልጅ። እሁድ እሁድ እማዬ መጥታ፣ እናቱም መጥታ... ይኸው ስናገረው ራሱ ያስፈራኛል። በተክሊል ለመጋባት እኮ ሁለታችንም የተዋሕዶ ልጆች መሆን አለብን። «ሃይማኖትህን ትለውጣለህ?» ብዬ ልጠይቀው?

እትዬ፦ ትልቅ አትጀምሪ። በዚያ ብትጀምሪ ክብሩን ነው የምትነኪው፤ እሱም መልሶ ያንኑ ይጠይቅሻል፤ እንደገና ሁለት ቀን ትኮራረፋላችሁ። ከኑሮ ጀምሪ። «ዓርብ ዕለት ቤታችን ውስጥ ምን ይበሰላል?» በዪው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ አንድ ማጀት ነው ሁለት? «ወንድ ልጅ ብንወልድ በ40 ቀኑ፣ ሴት ብንወልድ በ80 ቀኗ እኔ ለክርስትና ቤተ ክርስቲያን ይዤ መሄድ እፈልጋለሁ፤ አንተ ያን ዕለት የት ነህ?» በዪው።

እኔ፦ በእነሱ ቤተ ክርስቲያን ልጅ አድጎ፣ ራሱ አምኖ ነው የሚጠመቀው።

እትዬ፦ እኮ። ይህንን ስታወሩ ሁለታችሁም ምን እንደምትለቁና ምን እንደማትለቁ ይታያችኋል። ሕጉ አይከለክላችሁም፤ በክብር መዝገብ ሹም ፊት የተጋባም፣ በሃይማኖት የተጋባም፣ በባህል የተጋባም በሕግ እኩል ነው። የሚከብደው ሰኞና ማክሰኞው ነው። ደግሞ የምትጠይቂውን ሁሉ ለራስሽ አስቀድመሽ መልሺ። አንቺ ያልመለስሽውን እሱን ብትጠይቂ መርምረሽ ልትጥዪው ይመስለዋል።

እኔ፦ እሱ «አልችልም» ቢለኝስ?

እትዬ፦ ይነግርሻላ። የምትፈሪው መልሱን ሳይሆን ማወቁን ነው። ... እኔ አሥራ አንድ ዓመት ጠበቅሁ። አንቺ አትጠብቂ።

እኔ፦ እንግዲያው ለግሩፑ ምንም አልልክም ማለት ነው?

እትዬ፦ ማን ከለከለሽ? እዚያ ያሉት ሰዎች የእሱን ልብ አያውቁም፤ የራሳቸውን ኑሮ ግን ያውቃሉ። የሚያውቁትን ጠይቂያቸው። የአንቺን ሙሉውን ጻፊ፤ የእሱን ግን ቀንሺ። እሱ ይጻፍልኝ አላለም። የት እንደሚሠራ፣ እናቱ ማን እንደሆነች፣ አባቱ ምን እንደሆኑ አይግባ። ነገ ያ ሰው ባልሽ ቢሆን፣ ዛሬ በጻፍሽው ያፍራል።

እትዬ ተነሥተው ዘይት አመጡልኝ። በርበሬ በውኃ ብቻ አይለቅም፤ መጀመሪያ ዘይት፣ ከዚያ ሳሙና፣ እንደገና ሳሙና። ጣቶቼ ግን አሁንም ይለበልባሉ። ስልኩን በመሐረብ ይዤ ያንን የሦስት ሌሊት መልእክት አጠፋሁት፤ አዲሱን እየጻፍሁ ጮክ ብዬ አነበብሁላቸው።

እኔ፦ «ዕድሜዬ 29 ነው። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ የምወደው ሰው ፕሮቴስታንት ነው። አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆኖናል። እሱም ለቤተሰቡ አልነገረም፤ እኔም ለቤተሰቤ አልነገርሁም። ሁለታችንም ፈርተናል። ታገሺ ወይም ተይው ብላችሁ እንድትመክሩኝ አይደለም። አባትና እናታችሁ በተለያየ እምነት ውስጥ ሆነው ያሳደጓችሁ ካላችሁ፣ ወይም እናንተ ራሳችሁ እንዲህ ሆናችሁ የምትኖሩ ካላችሁ፣ ልጅ ከመምጣቱ በፊት ምን ምን ተነጋግራችሁ ነበር? ሳትነጋገሩ ቀርታችሁ በኋላ የከበዳችሁስ ምንድን ነው?»

እትዬ፦ ይህን እኔም ብሆን እመልስልሻለሁ።

እኔ፦ ልላከው?

እትዬ፦ መጀመሪያ ለማን ነው የሚደወለው?

ደወልሁ። ሁለት ጊዜ ጠርቶ አነሣው። ከጀርባው የሴት ድምፅና የሳህን ኮሽታ ይሰማል፤ እናቱ ቤት ነው።

እኔ፦ አለሁ። ማታ ጊዜ አለህ? ... አይ፣ ደኅና ነኝ፣ ምንም አልሆንሁም። ያን ዕለት ካፌው ውስጥ፣ ስለ እናትህ ጸሎት የነገርኸኝን... ካቆምንበት ልጠይቅህ ፈልጌ ነው። ... አዎ። እኔም የምነግርህ አለኝ።

እትዬ የእኔን ሰፌድ ወደ እሳቸው ሳብ አድርገው የቀረኝን ዛላ መቀንጠስ ጀመሩ።